የሬዲዮ ኦፕሬተሯን ሥራ አታቅልሉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በጋዜጣዎ በተከታታይ የሚወጣውን፣ ጀርመኖች በያዟት ፓሪስ የሚካሄደውን የስለላ ልቦለድ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እከታተላለሁ። ደራሲው ገጸ ባሕርይ መሳል ይችላል፤ ሰው ሰውን ሲጠራጠር ማሳየትም ያውቅበታል። ነገር ግን በቅርቡ በወጣው ክፍል የሬዲዮ ኦፕሬተሯ ከሰገነት ክፍሏ ሆና ከለንደን ጋር ግማሽ ሰዓት በድምፅ ስታወራ፣ ስትጨርስም መሣሪያውን ኮቷ ኪስ ውስጥ ስትከተው አንብቤ ይህን ለመጻፍ ተገደድኩ።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1940 ያቋቋሙት የልዩ ዘመቻ ድርጅት፣ በአጭሩ ኤስ.ኦ.ኢ.፣ ለሰዎቹ በብዛት ካደላቸው ሬዲዮዎች አንዱ ቢ2 የሚባለው ነበር። በሻንጣ የሚያዝ ሲሆን ክብደቱ ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል። ድምፅ አያስተላልፍም፤ ሥራው ፊደልን በአጭርና በረጅም ምት በሚልከው የሞርስ ቁልፍ ብቻ ነው። በዚህ ላይ 20 ሜትር ገደማ የአንቴና ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ያን ሽቦ ጎረቤት ሳያይ በጣሪያ ሥር ወይም በኮርኒስ ዙሪያ መዘርጋት ራሱን የቻለ ጭንቅ ነው። የሚላክበትን ሞገድ የሚወስነው ትንሽ ክሪስታል ነው፤ ለቀን አንድ፣ ለሌሊት ሌላ። ክሪስታሉ ወድቆ ከተሰነጠቀ በዚያ ሞገድ የተያዘው ቀጠሮ አለቀለት። አንዱ ቤት 110 ቮልት፣ ሌላው 220 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ማስተካከያውን ሳያዩ የሚሰኩት ሰው መሣሪያውን ያቃጥለዋል።

ከሁሉ በላይ የከበደው ግን ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ያለው ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኦፕሬተሮቹ ምስጢር የሚያደርጉት በግጥም ነበር። ኦፕሬተሯ በቃሏ ከያዘችው ግጥም አምስት ቃላት ትመርጥና አያይዛ ትጽፋቸዋለች። በፊደል ተራ ቀድሞ በሚመጣው ፊደል ላይ 1፣ በተከታዩ ላይ 2 እያለች ሁሉንም ትቆጥራለች። መልእክቱን ከቁጥሮቹ ሥር በአግድም ትሞላዋለች፤ ከዚያ ዓምዶቹን ከላይ ወደ ታች በቁጥራቸው ተራ ትገለብጣለች። የወጣውን ደግማ በዚሁ መንገድ ታዘበራርቀዋለች። በመጨረሻ አምስት አምስት ፊደል ባላቸው ምድቦች ትከፍለዋለች፤ የትኞቹን ቃላት እንደመረጠች የሚጠቁም ምድብም ትጨምርበታለች።

ይህን ሁሉ የምታደርገው በደከመ ዓይን፣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጠች ነው። ከግጥሙ አንድ ቃል በፊደል ግድፈት ከጻፈች ወይም አንድ ቁጥር ከዘለለች መልእክቱ እንዳለ ይበላሻል፤ ለንደን ላይ በቀላሉ ሊፈታ አይችልም። እንደገና ላኪ ከተባለች ደግሞ ሌላ ቀን፣ ሌላ አደጋ ነው። ግጥሙም ጭንቅላቷ ውስጥ ስላለ በግርፋት ሊወጣ ይችላል። ሊዮ ማርክስ የተባለው የኤስ.ኦ.ኢ. የኮድ ኃላፊ መልእክት የሚዘበራረቅባቸውን የቁጥር ቁልፎች በሐር ጨርቅ ላይ ያሳተመው ለዚህ ነው። ሐር በልብስ ገበር ውስጥ ሲሰፋ ፈታሽ እጅ ላይ አይታወቅም፤ የተጠቀሙበትን ቁልፍ ቆርጠው ካቃጠሉት በኋላ ማንም ሊያስታውሰው አይችልም።

አሁን ወደ ግማሽ ሰዓቱ ልመለስ። 200 ፊደል ያለው መልእክት 40 ምድብ ይሆናል፤ በደቂቃ 15 ምድብ የሚመታ እጅ ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ጊዜውን የሚበላው ጥሪው፣ ጩኸቱና ‘ድገሚ’ የሚለው ትእዛዝ ነው። በዚያ ሰዓት በተራራቁ የጀርመን ጣቢያዎች ያሉ ሰዎች ሞገዱ የመጣበትን አቅጣጫ በካርታ ላይ በመስመር ያሰምራሉ፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ከተማውን ይነግራቸዋል። ቀጥሎ አቅጣጫ ጠቋሚ የጫኑ መኪኖች ሠፈሩን ያጠባሉ፤ በመጨረሻ መቀበያ ኮቱ ሥር የደበቀ ሰው በእግሩ እየሄደ ቤቱን ይለያል። የመብራት ኃይልን በየብሎኩ እያጠፉ ሞርሱ የቱ ጋ እንደሚቋረጥ ማዳመጥም ነበር፤ ለዚህ ነው ጠንቃቃ ኦፕሬተር ባለ 6 ቮልት የመኪና ባትሪ የምታዘጋጀው፣ መንገዱንም የሚጠብቅላት ሰው የምታቆመው። ግማሽ ሰዓት አንድ ቦታ ሆኖ መላክ የናዚዎቹን ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖን በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ደራሲው ያለፈው ትልቁ ነገር ግን የማረጋገጫ ምልክቱ ነው። ኦፕሬተሯ በነፃነት እየላከች እንደሆነ የሚያሳውቅ፣ አስቀድሞ የተነጋገሩበት ስህተት በመልእክቱ ውስጥ ይገባል፤ ስህተቱ ከቀረ በጠላት እጅ ወድቃለች ማለት ነው። ሆላንዳዊው ኦፕሬተር ሁብ ላወርስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1942 ሄግ ላይ ሲያዝ ምልክቱ አሥራ ስድስተኛውን ፊደል ማበላሸት ነበር። ከተያዙበት መልእክቶች በሁለቱ አሥራ ስድስተኛው ፊደል ‘ስቶፕ’ በሚለው ቃል ውስጥ ወድቆ፣ አንዱ ‘ስቲፕ’ ሌላው ‘ስቴፕ’ ሆኖ ተገኘ። እሱም ፈጠን ብሎ ምልክቴ ‘ስቶፕ’ን ማበላሸት ነው አላቸው፤ ጀርመኖቹ አመኑት። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ምልክት የሌለባቸው መልእክቶች ለንደን ደረሱ። ለንደን ግን ልብ አላለም። ከ50 በላይ ሰዎች በፓራሹት ቀጥታ ወደ ጀርመኖች እጅ ወረዱ፤ አብዛኞቹም እ.ኤ.አ. በ1944 ማውትሃውዘን በተባለው የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ተገደሉ። እስረኛው የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ሳለ የሚያነበው ቢሮ ያላነበበበት ይህን የመሰለ ታሪክ እያለ፣ ልቦለዱ ውስጥ ‘ኮዱን ሰጠች፣ ለንደን ተታለለ’ ተብሎ በአንድ አንቀጽ መታለፉ ያስቆጫል።

ዝርዝሩ አንባቢን ያሰለቻል የሚል ስጋት ካለ፣ የኢትዮጵያ አንባቢ የውስጥ አርበኞችን ታሪክ እየሰማ ያደገ ነው። እነ ሸዋረገድ ገድሌ በጣሊያን ዓይን ሥር መረጃና ስንቅ ለአርበኞች እንዴት እንዳደረሱ መስማት የማይሰለቸው ሰው፣ 20 ሜትር ሽቦ የት እንደሚደበቅ ማንበብም አይሰለቸውም።

በመካከላችን የሞርስ ቁልፍ ሲመቱ የኖሩ የቀድሞ የመገናኛ ባለሙያዎች አሉ። ክፍሎቹ በመጽሐፍ መልክ ከመታተማቸው በፊት ደራሲው የሬዲዮ ምዕራፎቹን ለአንዳቸው ቢያስነብብ፣ ቢያንስ የድምፅ ንግግሩ ወጥቶ ሞርሱ ቢገባ፣ ኦፕሬተሯም መሣሪያዋን በኪሷ ሳይሆን በሁለት እጇ ተሸክማ ደረጃውን ብትወርድ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣው አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ