ከሥራ የተሰናበተ ሰው ያለው 3 ወር ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ሠራተኛ ቅነሳና ስለ ሕገወጥ ስንብት የሚጻፉ ዜናዎች ካሣው ስንት እንደሆነ ይነግሩናል። ክሱ እስከ መቼ መቅረብ እንዳለበት ግን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ጥሩ ማስረጃ የያዘ ሠራተኛ እንኳ ባዶ እጁን ከችሎት የሚወጣው በዚህችው በተዘለለችው ነገር ነውና፣ ጋዜጣችሁ ቦታ ቢሰጠኝ ስለ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ ክስ ተቀባይነት ስለሚያጣበት የጊዜ ገደብ፣ ልጻፍ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ የይርጋ ጊዜ ብቻ ያለው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። «አንድ ዓመት አለኝ» ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ዓመቱ የተለየ ጊዜ ላልተቀመጠለት ጥያቄ ነው። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ መከፈል ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ 6 ወር አለው። ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ ክፍያም እንደዚሁ 6 ወር ነው። ቆጠራው የሚጀምረው መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ማግሥት ነው። የመጨረሻው ቀን የሥራ ቀን ካልሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል።

ችግሩ የሚመጣው ከመጠበቅ ነው። የስንብት ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያደርገው ለሥራ አስኪያጁ ቅሬታ መጻፍ ነው። «ጉዳይህ እየታየ ነው» ይባላል፣ ሳምንታት ያልፋሉ፣ 3 ወሩም አብሮ ያልቃል። ለአሠሪው የተጻፈ ቅሬታ ብቻውን ይርጋን አያቋርጥም፤ ቆጠራውን አያስቆመውም። በአዋጁ ይርጋን የሚያቋርጡት ለሥራ ክርክር ሰሚ አካል የቀረበ ክስ፣ ሕጉን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት የቀረበ አቤቱታ (የመጨረሻ መልስ በጽሑፍ እስኪሰጥበት ድረስ)፣ ወይም አሠሪው ጥያቄው ተገቢ መሆኑን በጽሑፍ ማመኑ ናቸው። በቃል «ልክ ነህ፣ እንከፍልሃለን» መባል ዋጋ የለውም። ማመኑ በጽሑፍ ሲሆንም እንኳ በዚህ ምክንያት ይርጋ የሚቋረጠው በድምሩ ከ3 ጊዜ አይበልጥም።

አንዳንዱ አሠሪ ደግሞ «ይርጋ አናነሣብህም፣ ዝም ብለህ ጠብቅ» ይላል፤ በወረቀት ላይ አስፍሮ የሚሰጥም አለ። ጊዜው ከማለፉ በፊት የተሰጠ እንዲህ ያለ ቃል በሕጉ ዘንድ ውጤት የለውም። በዚህ ቃል ተማምኖ የተቀመጠ ሰው ሲከስስ የይርጋ መቃወሚያ ይቀርብበታል። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት፣ ለምሳሌ ሕመም፣ ካጋጠመ ችሎቱ የዘገየውን ክስ ሊቀበል ይችላል፤ ግን ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት።

የሚታጣውን በብር እንየው። አማካይ የቀን ደመወዙ 300 ብር የሆነ፣ ላልተወሰነ ጊዜ ተቀጥሮ 4 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ተሰናበተ እንበል። ወደ ሥራ ካልተመለሰ ካሣው የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ 54,000 ብር። የማስጠንቀቂያ ጊዜው 2 ወር ስለሆነ 18,000 ብር ይታከላል። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዙ 30 እጥፍ፣ ማለትም 9,000 ብር፣ ለቀሩት 3 ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ የዚሁ ሲሶ 3,000 ብር ነው፤ ሌላ 18,000 ብር። ድምሩ 90,000 ብር ይደርሳል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦ ለብቻው ይታሰባል። 3 ወሩ ካለፈ ወደ ሥራ መመለስና ውዝፍ ደመወዝ ይቀራሉ፤ 6 ወሩ ካለፈ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ስለዚህ ክሱ ሲጻፍ በአማራጭ ይጻፍ፦ ወደ ሥራ እንዲመለስና ውዝፍ ደመወዝ እንዲከፈለው፣ ይህ ባይሆን ካሣ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜና የስንብት ክፍያ። አንዱን ብቻ ጠይቆ ሌላውን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ችሎቱ የሥራ ግንኙነቱ ቢቀጥል ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ፣ ሠራተኛው መመለስ ቢፈልግ እንኳ በካሣ እንዲሰናበት ሊወስን ይችላል።

ከክሱ ጋር የስንብት ደብዳቤው፣ የቅጥር ውሉ፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ወይም የባንክ ሒሳብ መግለጫ ይያያዛል። የጽሑፍ ውል የለኝም ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አለ፤ ውል በጽሑፍ አለመሆኑ መብት አያሳጣም፣ በምስክርም ይረዳል። «ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት የፈረመም ቢሆን፣ በስምምነት በሚደረግ ስንብት ሠራተኛው ሕጉ የሰጠውን መብት መተዉ ውጤት እንደሌለው አዋጁ ይደነግጋል። ሠራተኛው ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠበቅበታል፤ ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን ስለማይመለከት እነርሱ መንገዳቸው ሌላ ነው።

ጊዜ አሠሪውንም ይይዘዋል፤ ይህ ደግሞ ጨርሶ ሲጻፍ አላይም። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ጥፋት ተፈጽሟል የሚል አሠሪ ጥፋቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀርበታል። በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ ወይም በድምሩ 5 ቀን መቅረት ለስንብት የሚያበቃውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠበት ነው። ስለሆነም ሠራተኛው ደብዳቤውን ሲቀበል መጀመሪያ የሚመለከተው ሁለት ቀኖችን ይሁን፦ ጥፋቱ የታወቀበትንና ስንብቱ የተጻፈበትን።

ጋዜጣችሁ አንድ ድርጅት ሠራተኛ ቀነሰ ብሎ በዘገበ ቁጥር ከዜናው ግርጌ ሁለት መሥመር ቢጨምር እለምናለሁ፤ ለመመለስ 3 ወር፣ ለክፍያ 6 ወር፣ ለአሠሪው የተጻፈ ቅሬታ አያቋርጥም የሚሉ። ዜናውን የሚያነብበው ተሰናባች ቀኑ መቆጠር ከጀመረ ሰንብቶ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሥራ ክርክር ላይ የሚሠሩ የሕግ ባለሙያ