አባ፣ ስለ ኮምፒውተሯ የቫይረስ ነገር

አሰላሙ አለይኩም አባ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ እማስ ወገቧ ተሻላት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ አዲሳባ ሰሞኑን ብርድ ነው ግን ደሴ ያደገ ሰው ይሄን ብርድ አይለውም። ትናንት ስንደዋወል መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሳልሰማዎት ቀረሁ፣ እና ስለ ኮምፒውተሯ በጽሑፍ ብልክልዎት ይሻላል አልኩ፣ ረጋ ብለው ያነቡታል፣ ያልገባዎትን ደሞ ይደውሉልኝ።

መጀመሪያ ያስደነገጥዎት ነገር። በስክሪኑ ጥግ ብቅ እያለ ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል አሁኑኑ ያጽዱ የሚለው፣ አብሽሩ አባ፣ ቫይረስ አይደለም። የሆነ ዌብሳይት ላይ ሲገቡ ኖቲፊኬሽን፣ ማለት ማሳወቂያ፣ ልላክ ብሎ ጠይቆ አላው፣ ፈቅጃለሁ፣ ተብሏል፣ አንቱ ይሁኑ ወይ ኳስ ሊያይ እየመጣ የሚቀመጥባት የጎረቤት ልጅ እንጃ፣ ብቻ ከዛ በኋላ ፋየርፎክስ፣ ኢንተርኔት የሚያዩበት ፕሮግራም፣ በተከፈተ ቁጥር ያ ሳይት ማስታወቂያውን ይልካል። ኮምፒውተሯ ውስጥ ምን እንዳለ አላየም፣ ማየትም አይችልም፣ አላው ላለው ሰው ሁሉ ያንኑ ነው የሚልከው፣ የሚፈልገው ደንግጠው እንዲነኩትና ብር እንዲከፍሉ ነው። ማጥፊያው ቀላል ነው፣ ፋየርፎክስ ላይ በቀኝ በኩል ከላይ ያሉትን ሦስት መስመሮች ነክተው ሴቲንግስ ይግቡ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ይክፈቱና ወደ ታች ሲወርዱ ፐርሚሽን የሚል አለ፣ እዛ ኖቲፊኬሽን ጎን ያለውን ሴቲንግስ ሲነኩት የሳይቶች ዝርዝር ይመጣል፣ የማያውቁትን ሁሉ ሪሙቭ ይበሉት። እዛው ታች አዲስ ጥያቄ እንዳይመጣ የምታግድ ትንሽ ሳጥን አለች፣ እሷን ቲክ አርገው ሴቭ ካሉ ተገላገሉ።

ሁለተኛው ነገር ፒያሳ ያለው የኮምፒውተር ሱቅ ልጅ ያለዎት። ያለ አንቲቫይረስ አትቆይም፣ ወደ ዊንዶውስ ልመልሳትና አንቲቫይረስ ልጫንልዎት ነው ያለው አይደል? እምቢ ይበሉት ወላሂ። የሚጭንልዎት ዊንዶውስ ክራክ፣ ማለት ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ የተገለበጠ ነው፣ አንቲቫይረሱም ክራክ ነው፣ ክራክ ደሞ ራሱ ቫይረስ የሚገባበት አንዱ ትልቅ በር ነው። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ነው።

የርስዎ ኮምፒውተር ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ያለው ሊኑክስ ሚንት ነው፣ ስሪቱ 22፣ እስከ ፈረንጆቹ 2029 ድረስ የደህንነት አፕዴት ይመጣለታል፣ በነፃ። እዚህ ሀገር ከፍላሽ ፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እሷ ላይ ቢገለበጥም አይነሳም፣ እንደ ተራ ፋይል ቁጭ ይላል። ደሞ ሚንት ላይ ፕሮግራም ስንጭን ከየሳይቱ እየለቀምን ሳይሆን ከራሱ ከሶፍትዌር ማኔጀሩ ነው የምናወርደው፣ እዛ ያለው ደሞ ከትክክለኛው ቦታ መምጣቱን የሚያሳየው ዲጂታል ፊርማው እየታየ ነው የሚጫነው፣ የሲስተሙን ነገር ለመንካት ፓስወርድ የግድ ነው። ይሄ ማለት ግን ሊኑክስ አይጠቃም ማለት አይደለም፣ እንደዛ የሚሉ ሰዎች አሉ አይስሟቸው። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ሊኑክስ ያለባቸውን የዋይፋይ ሳጥኖችና ካሜራዎች ነበር የያዘው፣ የገባውም ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርዳቸው ስላልተቀየረ ነው፣ ስለዚ የቤታችንን የዋይፋይ ሳጥን ፓስወርድ እኔ ስመጣ እንቀይረዋለን፣ እስከዛ አይንኩት።

አሁን ዋናው የፍላሹ ጉዳይ ነው፣ የቅሬው፣ የእድሩ፣ ጸሐፊ ስለሆኑ ሰዉ ሁሉ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የዞረች ፍላሽ ደሞ ንጹህ ሆና አትመጣም። ሲሰኳት ምን እንደሚያዩ ልንገርዎት። የአባላት ዝርዝር የሚል ፎልደር ይኖርና አጠገቡ በተመሳሳይ ስም መጨረሻው ላይ ዶት ኤል ኤን ኬ የሚል ሌላ ያያሉ፣ ያ ነው ሾርትከት ቫይረስ የሚሉት። ዊንዶውስ ላይ ቢሆን እውነተኛው ፎልደር ተደብቆ ሾርትከቷ ብቻ ነበር የምትታየው፣ ሰውየው ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ቫይረሱን ያስነሳዋል፣ የርስዎ ኮምፒውተር ግን እንደዛ የተደበቀውንም ያሳያል፣ ለዛ ነው ባለፈው ሁለት ሁለት ሆነው ያገኟቸው። አንዳንዴ ቫይረሱ ፋይሎቹን ሰብስቦ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል፣ ጠፋብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ቢመጣ እዛ ውስጥ ይፈልጉለት፣ ብዙ ጊዜ አለ። ኤል ኤን ኬ፣ ቪ ቢ ኤስ፣ ኢ ኤክስ ኢ የሚሉትን ያጥፏቸው፣ ሰውየው የኔ ነው ካለ ብቻ ይተዉለት። የርስዎን ባይነካ እንኳ ከርስዎ ቤት የሄደች ፍላሽ የሰው ኮምፒውተር ብትበክል ደስ አይልም፣ ለዛ ብዬ ክላም ኤቪ የሚባል ነፃ አንቲቫይረስ ስመጣ እጭንልዎታለሁ፣ በብዛት የሚይዘው የዊንዶውስ ቫይረስ ስለሆነ ለሰው ፍላሽ ይሆናል፣ ለርስዎ ኮምፒውተር ብዬ አይደለም።

ለሷ የምፈራው ፓስወርድዎን ነው አባ። ኮምፒውተሯ ፓስወርድ ስትጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ራስዎን ይጠይቁ፣ ይሄን ነገር የጀመርኩት እኔ ነኝ ወይ? አፕዴት ብለው ነክተው ከጠየቀችዎት ይስጧት፣ ፕሮግራም ሲጭኑም ይስጧት። ምንም ሳይነኩ በድንገት ብቅ ብሎ ፓስወርድ የሚል ከመጣ ግን ካንስል፣ ከዛ ለኔ ይደውሉ፣ ሌሊትም ቢሆን። ያን ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት፣ ተርሚናሉን፣ ከፍተው ይሄን ጽሑፍ ኮፒ ፔስት ያርጉ የሚል ነገርም ከየትም ይምጣ፣ እኔ ካልላክሁት በስተቀር አይሆንም። ፓስወርዱን ደሞ ለኳስ አፍቃሪው ልጅ አይስጡት፣ ለሱ ፓስወርድ የማያስፈልገው ገስት ሴሽን አለ፣ የፈለገውን አይቶ ሲወጣ የነካካው ሁሉ አብሮት ይጠፋል፣ እሱንም ስመጣ አበራልዎታለሁ።

አፕዴቱን ነገር አይስነፉበት። ከታች በቀኝ ጥግ ያለችው ትንሽ ጋሻ ነጥብ ሲወጣባት አዲስ ነገር መጥቷል ማለት ነው፣ ነክተው ኢንስቶል አፕዴትስ ይበሉ፣ መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ሰዓት ግን አይጀምሩት፣ መሀል ላይ ቢቋረጥ ያስቸግረናል። ሰው ሰራሽ ነገር ነውና አፕዴቱስ ይታመናል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፣ ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በፈረንጆቹ 2024 ኤክስ ዜድ የምትባል ፋይል የምትጨምቅ ትንሽ ፕሮግራም ላይ ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ያህል በትህትና እየሰራ አመኔታ አገኘና ከዛ የድብቅ መግቢያ ቀበረባት። የያዘው ማን መሰለዎት፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት ባለሙያ፣ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ምክንያቱን ሲቆፍር ነው ያገኘው፣ ልክ አንቱ የቅሬው ሂሳብ አንድ ብር ጎደለ ብለው ደብተሩን ሲያገላብጡ እንደሚያድሩት። ኮዱ ማንም እንዲያየው ክፍት ባይሆን ኖሮ ያን ያህል ቆፍሮ አይደርስበትም ነበር እላለሁ እኔ፣ የሚከራከሩም አሉ። ለማንኛውም የተበከለችው ስሪት ሚንት ጋ ሳትደርስ ነው የተያዘችው።

ከውጭ በኔትወርክ የሚመጣውን የሚያግደውን ፋየርዎል ባለፈው አብርቼዋለሁ፣ ሜኑ ውስጥ ፋየርዎል ብለው ቢጽፉ ይመጣል፣ ስታተስ በርቶ ኢንካሚንግ ዲናይ ካለ ደህና ነው፣ ሌላ አይንኩበት።

የቅሬውን መዝገብ ግን አንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጡት። ቫይረስ ባይነካው ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ይችላል፣ በየሳምንቱ አንድ ፍላሽ ላይ ይገልብጡና ነቅለው ሳጥን ውስጥ ይቆልፉባት፣ ያቺ ፍላሽ ከዛ ኮምፒውተር ሌላ የትም አትሰካም፣ ለማንም አትዋስም። ሲገዙ ሰኞ ገበያ መንገድ ዳር 1 ቴራ ብለው በርካሽ የሚሸጡትን አይግዙ፣ ውስጧ ጥቂት ጊጋ ብቻ ሆኖ ቁጥሩን አሳብጠው የሚያሳዩ አሉ፣ ሞልታ ስታበቃ ፋይሉን እየበላች ተቀበልኩ ትላለች። 32 ጊጋ ለኛ ከበቂ በላይ ነው፣ ከታወቀ ሱቅ ይሁን።

ስልክዎ ላይም ከባንክ ነው ከቴሌብር ነው ብሎ የሚደውል ሰው የተላከልዎትን ኮድ ንገሩኝ ካለዎት ይዝጉበት፣ ይሄን እማም ትስማው፣ የቴሌግራሙንም ኮድ እንዲሁ፣ የሰፈር ሰው ስም ይዞ ቢመጣም።

ኢንሻአላህ ለአረፋ እመጣለሁ፣ የቀረውን አብረን እናየዋለን። እማን ሰላም በሉልኝ፣ ዱዓችሁ አይለየን።

ልጅዎ