ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ፦ የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ከመዘርጋቱ በፊት የቻይና ልምድ ይጠና

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት

ጉዳዩ፦ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ከመዘጋጀቱ በፊት የቻይና ልምድ በጥልቀት እንዲጠና ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እኛ በዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የምናስተምር ሰዎች በተገናኘን ቁጥር የምናነሳው አንድ ሐሳብ አለ። ተማሪው በሙያ ትምህርቱ አገር አቀፍ ፈተና የሚቀመጥ ከሆነ፣ ትምህርቱን ሁሉ በሚከታተልበት ቋንቋስ ለምን አይፈተንም የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን የመማሪያ መጽሐፋቸውን አንድ ገጽ አንብበው ሐሳቡን በራሳቸው አገላለጽ አሳጥረው ለመጻፍ ሲቸገሩ በየቀኑ እያየን፣ ችግሩን የሚለካ መሣሪያ ይኑር ማለታችን ከኃላፊነት ስሜት የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ፈተና አንዴ ከተተከለ በኋላ ትምህርቱን ራሱን እንዴት እንደሚለውጠው ለማወቅ ከዜሮ መጀመር አያስፈልገንም። ቻይና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቿ አገር አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና መስጠት ከጀመረች ከ35 ዓመት በላይ ሆኗታል። በዚህ ደብዳቤ የምለምነው የእርሷ መንገድ እንዲጠና፣ በተለይም የፈተናው ውጤት ከዲግሪ ጋር መታሰሩ ያስከተለው መዘዝ በጥንቃቄ እንዲታይ ነው።

ቻይና ፈተናውን የጀመረችበት ምክንያት ከእኛ ጭንቀት የራቀ አልነበረም። አገሪቱ ከ1978 በኋላ በሯን ለውጭ ንግድና ቴክኖሎጂ ስትከፍት (የቻይናን ጉዳይ የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የውጭ የሳይንስ ጽሑፎችን አንብበው የሚረዱ መሐንዲሶችና ተመራማሪዎች በብዛት አስፈልገዋት ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣው የኮሌጅ እንግሊዝኛ መርሐ ትምህርት ማንበብን ከሁሉም ያስቀደመውም ለዚህ ነው። መርሐ ትምህርቱ ምን ያህል በሥራ ላይ እንደዋለ ለማየት በ1987 አራተኛ ደረጃ የተባለው የኮሌጅ እንግሊዝኛ ፈተና ተጀመረ፤ ከፍ ያለው ስድስተኛ ደረጃ ደግሞ በ1989 ተከተለው። ሁለቱም ዋና ትምህርታቸው እንግሊዝኛ ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጡ ናቸው። እንግሊዝኛን ዋና ትምህርታቸው ላደረጉት፣ በሁለተኛው ዓመት አራተኛ ደረጃ፣ በመጨረሻው ዓመት ስምንተኛ ደረጃ የሚባል የተለየና ጠንከር ያለ ፈተና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋጀላቸው። ዛሬ የኮሌጅ እንግሊዝኛ ፈተና በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጁንና በዲሴምበር ይሰጣል፤ የሚቀመጡለትም ተማሪዎች በዓመት ከ10 ሚሊዮን ይበልጣሉ።

ፈተናው በአዳራሹ ውስጥ ምን እንደሚመስል በቅርበት ብናየው ጥሩ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ 30 ደቂቃ ድርሰት ይጽፋል። ወዲያው ማዳመጥ ይቀጥላል፤ በብዙ ግቢዎች ድምፁ የሚተላለፈው በዩኒቨርሲቲው የሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ ተማሪው ሞገዱን የሚቀበል የጆሮ ማዳመጫ ይዞ፣ ባትሪውን ፈትሾ፣ መስመሩን አስተካክሎ መግባት አለበት። ማዳመጡ ሲያበቃ የድርሰቱና የማዳመጡ መልስ መስጫ ወረቀት ይሰበሰባል፤ ተመልሶ ማረም የለም። ከዚያ የንባብ ክፍሉ ይመጣል። በአንዱ ጥያቄ ከ15 ቃላት መካከል 10 ክፍት ቦታ የሚሞሉትን መምረጥ፣ በሌላው ዓረፍተ ነገሮችን ካሉበት አንቀጽ ጋር ማዛመድ፣ በመጨረሻም ሁለት ምንባቦችን አንብቦ ለጥያቄዎች መልስ መስጠት ይጠበቅበታል። ፈተናው የሚዘጋው በትርጉም ነው። ከ710 ነጥብ ውስጥ ማዳመጥና ማንበብ 249 249 ሲይዙ፣ ድርሰትና ትርጉም በጋራ 212 ይይዛሉ። ተማሪው በገዛ እጁ የሚጽፈው ክፍል ከጠቅላላው ነጥብ ሲሶ የሚጠጋ ድርሻ አለው ማለት ነው፤ ይህንን ልብ ልንለው ይገባል። የእኛ የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ከፊደላት መካከል አንዱን ማጥቆር ብቻ የሚጠይቅ፣ ድርሰትም ማዳመጥም የሌለበት ፈተና ስለሆነ፣ በዚህ በኩል ከቻይና የምንማረው በጎ ነገር ብዙ ነው።

መጥፎው ነገር የተጀመረው ከፈተና ወረቀቱ ውጭ ነው። ፈተናው እንደወጣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አራተኛውን ደረጃ ያላለፈ ተማሪ ዲግሪ አያገኝም የሚል ደንብ በየራሳቸው አወጡ። መርሐ ትምህርትን ለመከታተል የታሰበው ፈተና በዚህ መንገድ የመመረቂያ በር ሆነ። ቀጣሪዎችም ውጤቱን ማጣሪያ አደረጉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም መምህር ሊገምተው ይችላል። ተማሪው የቃላት ዝርዝር በቃሉ ይሸመድዳል፤ መምህሩ የቀድሞ ፈተናዎችን በክፍል ውስጥ ያሠራል፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ባሳለፈው ተማሪ ብዛት ይለካል፤ ከግቢው ውጭ የማጠናከሪያ ትምህርት ንግድ ይደራል፤ በሽቦ አልባ ማዳመጫ መልስ የሚያቀብሉና ለሌላ ሰው የሚፈተኑ ሰዎችም ይፈጠራሉ። እኛ የፈተና ስርቆትን ለመከላከል የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ዩኒቨርሲቲ አስገብተን እስከመፈተን የደረስን አገር ስለሆንን፣ አንድ ተጨማሪ ባለከባድ ሚዛን ፈተና ምን ዓይነት ፈተና ይዞብን እንደሚመጣ አናጣውም።

የቻይና ትምህርት ሚኒስቴር ችግሩን አይቷል። በ2005 ከ60 በላይ ላመጣ ይሰጥ የነበረው የማለፊያ ምስክር ወረቀት ቀርቶ ነጥቡን ብቻ የሚገልጽ ወረቀት እንዲሰጥ ተደረገ፤ አሁን ያለው የ710 ነጥብ ስሌትም የመጣው ያኔ ነው። በአዲሱ አሠራር ማለፊያ የሚባል ነጥብ የለም። ሆኖም አራተኛውን ደረጃ ተፈትኖ ወደ ስድስተኛው ለመመዝገብ 425 ነጥብ ስለሚያስፈልግ፣ ተማሪውም ቀጣሪውም ዩኒቨርሲቲውም 425ን እንደ ማለፊያ ቆጠሩት። ስሌቱ ሲሠራ አማካይ ተደርጎ የተወሰደው ውጤት 500 መሆኑን ላስተዋለ፣ 425 የከፍተኛ ብቃት ምልክት አለመሆኑ ግልጽ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፈተናውን የሚያዘጋጀው አካል ማለፊያ ነጥብ ባያስቀምጥ እንኳ፣ ኅብረተሰቡ የለመደውን መስመር ራሱ ያሰምራልና የውጤቱ አጠቃቀም አስቀድሞ በመመሪያ መወሰን አለበት።

ምስክር ወረቀቱ ቢቀርም የዲግሪው ቁርኝት በአንዴ አልተፈታም፤ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ያወጡትን ደንብ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ሲተዉት ዓመታት አልፈዋል። በሴፕቴምበር 2023 ከአገሪቱ ታላላቅ የትምህርት ተቋማት አንዱ የሆነው የዢያን ጂያኦቶንግ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ምረቃ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት እንደማይጠይቅ ሲያስታውቅ፣ ዜናው በመላ ቻይና መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ፈተናው ከተጀመረ 36 ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ውሳኔ ማሳለፉ ዜና መሆኑ ብቻውን ቋጠሮው ምን ያህል ጠብቆ እንደነበር ያሳያል። እንዲህ ያለው ደንብ ለማውጣት የአንድ ሴኔት ስብሰባ ይበቃዋል፤ ለመሻር ግን ወላጅ፣ ቀጣሪና ተማሪ የተላመዱትን ሁሉ ማናጋት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ መናገር ነው። የንግግር ፈተና በቻይና የታከለው በ1999፣ ማለትም የጽሑፉ ፈተና ከተጀመረ ከ12 ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም በመጀመሪያ በጽሑፍ ፈተናው ከፍ ያለ ውጤት ላመጡት ብቻ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ያለፉ ተማሪዎች ከባድ ምንባብ አንብበው እየተረዱ አንድ እንግዳ አቁሞ መንገድ ሲጠይቃቸው ቃል ከአፋቸው እንደማይወጣ ቻይናውያን ራሳቸው ሲያማርሩ ኖረዋል። ስንፍና አልነበረም፤ ያልተፈተነ ነገር በክፍል ውስጥ ጊዜ አልተሰጠውም። ከ2013 ወዲህ የንግግር ፈተናው በኮምፒውተር ይሰጣል። ተማሪው በማይክሮፎን ራሱን ያስተዋውቃል፣ አጭር ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ በተሰጠው ርዕስ ላይ ብቻውን ይናገራል፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ከተቀመጠ ተፈታኝ ጋር ይወያያል። ሁለት ተማሪዎች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ማድረጉ በጣም የወደድኩት አሠራር ነው፤ ተማሪው የተሸመደደ መልስ ይዞ ቢመጣም ጓደኛው የሚናገረውን አስቀድሞ ማወቅ አይችልምና። ሆኖም ይህ ፈተና ዛሬም በፈቃደኝነት የሚወሰድ ስለሆነ የጽሑፉን ያህል ክብደት የለውም። ከጅምሩ ያልተካተተ ክህሎት በኋላ ሲጨመር እንደ ተቀጽላ የሚታይ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሳናስተውል ልንቀዳው የማይገባን ክፍልም አለ። ከ2013 ጀምሮ ተፈታኞች ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ አንድ ሙሉ አንቀጽ ይተረጉማሉ፤ የሚመጣውም ስለ አገሪቱ ባህል፣ ታሪክና ኢኮኖሚ ነው። በዚያው ዓመት ስለ ሻይና ስለ ሐር መንገድ የሚያወሱ አንቀጾች ቀርበው ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ተማሪው ስለ ራሱ አገር ለሌላው ዓለም መናገር እንዲችል ያዘጋጀዋል። በእኛ አገር ግን ከየትኛው ቋንቋ ሊተረጎም ነው? በአማርኛ ተምሮ የመጣና በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሲዳምኛ ተምሮ የመጣ ተማሪ በአንድ ክፍል ተቀምጠዋል። አንዱን ቋንቋ መነሻ ማድረግ በእንግሊዝኛ ፈተና ስም ሌላ ቋንቋ መፈተን ይሆናል። ለእኛ የሚሻለው በሠንጠረዥ ወይም በሥዕል የቀረበ መረጃን፣ ለምሳሌ የቡና ከለቃቀም እስከ ኤክስፖርት ያለውን ሂደት፣ በእንግሊዝኛ እንዲያብራሩ መጠየቅ ነው።

ለእኛ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ለእንግሊዝኛ ዋና ተማሪዎች በሚሰጠው ስምንተኛ ደረጃ ፈተና ውስጥ ያለው አንድ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪው አጭር የዩኒቨርሲቲ ሌክቸር አንድ ጊዜ ብቻ ያዳምጣል፤ እያዳመጠ ማስታወሻ ይይዛል፤ የሌክቸሩን አካሄድ በሚያሳይ ዝርዝር ውስጥ የጎደሉትን ነጥቦችም ይሞላል። በቻይና ይህ በቋንቋው ለመራቀቅ ለተዘጋጁ ጥቂቶች የቀረበ ከባድ ጥያቄ ነው፤ የተቀሩት ተማሪዎች ሕክምናውንም ምሕንድስናውንም በአብዛኛው የሚማሩት በቻይንኛ ስለሆነ በየዕለቱ አያስፈልጋቸውም። የእኛ ተማሪ ግን ከፍሬሽማን ጀምሮ ሕግም ይማር ግብርና፣ የክፍል ሕይወቱ ይኸው ነው፤ ያዳምጣል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ካመለጠው አይመለስለትም። በቻይና የእንግሊዝኛ ፈተና ያልቀናው ተማሪ ትምህርቱን በገዛ ቋንቋው ይቀጥላል። የእኛው ቋንቋው ካልገባው ትምህርቱም አልገባውም። ስለዚህ የምንለካው ነገር ተማሪው ለመማር የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ መሆን አለበት፤ የምንለካውም በመጨረሻው ዓመት ሳይሆን ገና ሲገባ፣ ድክመቱ ታውቆ ሊታገዝ በሚችልበት ጊዜ ነው።

ስለ ቅደም ተከተልም አንድ ነገር ልጨምር። ቻይና የእንግሊዝኛ ብቃት ደረጃዎች የተባለውን ባለ 9 እርከን ብሔራዊ መለኪያ ያወጣችው በ2018 ነው። በየትኛው እርከን ያለ ሰው በእንግሊዝኛ ምን መሥራት እንደሚችል የሚዘረዝረው ይህ ሰነድ የመጣው ፈተናው ከተጀመረ ከ31 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኛ በተቃራኒው ብንሄድ፣ ማለትም አንድ የሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ወይም አንድ የሒሳብ አያያዝ ተመራቂ በእንግሊዝኛ ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት መምህራንና ቀጣሪዎች ተቀምጠው አስቀድመው ቢጽፉት፣ ፈተናው የሚያርፍበት መሠረት ይኖረዋል።

ስለዚህ የተከበረው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አገር አቀፍ የእንግሊዝኛ ብቃት ፈተና ለማዘጋጀት የሚወስን ከሆነ፣ ውጤቱ ለዲግሪ መስጫ ወይም መከልከያ እንዳይውል፣ ዩኒቨርሲቲዎችም በየሴኔታቸው እንዲህ ያለ ደንብ እንዳያወጡ በግልጽ መመሪያ እንዲደነገግ፤ ድርሰት፣ ማዳመጥና መናገር ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እንዲካተቱ፤ የመናገር ፈተናው ለሁሉም እኩል እንዲሰጥ፤ ፈተናው በመላ አገሪቱ ከመሰጠቱ በፊትም የላብራቶሪና የመብራት አቅማቸው የተለያየ በሆኑ ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ተሞክሮ ግኝቱ ለመምህራን ይፋ እንዲሆን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከላት በየዩኒቨርሲቲው አሉ፤ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣውን ተማሪ ተቀብለው የሚያግዙበት የሰው ኃይልና በጀት ከፈተናው ጋር አብሮ ካልተመደበላቸው ግን ፈተናው ተማሪውን ደካማ ነህ ብሎ ከማሰናበት ያለፈ ሥራ አይኖረውም። የቻይናን ልምድ የሚያጠና የባለሙያዎች ቡድን ቢቋቋምም፣ በዚያ አገር ተምረው የተመለሱ በርካታ ኢትዮጵያውያን መምህራን በየዩኒቨርሲቲው ስላሉ፣ እነርሱም እንዲካተቱ አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህር