አሲድ በሃይላንድ መሸጡ ይቁም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። እኛ ሰፈር ሲንክ ሲዘጋ የመጀመሪያው ምክር "አሲድ ድፉበት" ነው። ሱቅ ሲላክ ባለሱቁ ከጀሪካን ወደ ባዶ ሃይላንድ ይገለብጥና ክዳኑን አጥብቆ ይሰጣል። ስም የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው። የተረፈው ሲንክ ሥር ይቀመጣል። እንግዲህ ውሃ የጠማው ሕፃን ቢያገኘው በምን ይለየዋል?

የባሰው ደግሞ አሲዱ እምቢ ሲል በረኪና የሚጨምሩ አሉ። በእናታችሁ ይሄን ተዉ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ መስኮት በሌለው ጠባብ ሻወር ቤት ሳንባ ያቃጥላል። የተዘጋ ሲንክ ለመክፈት የሚደፋው ኮስቲክ ሶዳም ቢሆን የዋዛ አይደለም፣ ውሃ ሲነካው በኃይል ይግላል፣ ከተረጨ ዓይን ያጠፋል።

ደግሞ ለምን? የእኛ ሲንክ የሚዘጋው በወጥ ቅባት፣ በሊጥ እጣቢና በቡና አተላ ነው። የሚረጋው ዘይት ትኩስ ሳለ ይወርዳል፣ ቀዝቀዝ ሲል ቧንቧው ውስጥ ይጋገራል፣ አተላውም እዚያው ላይ ይለጠፋል። ይሄ በእጅ የሚወጣ ነገር ነው። ከሲንኩ ሥር ያለችውን የታጠፈች ቧንቧ፣ ሲፎኗን፣ እዩዋት። ውሃ ይዛ የምትቀመጠው ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ነው፤ ቆሻሻውም የሚጠራቀመው እዚያችው ውስጥ ነው። ከሥሯ ባልዲ አስቀምጡ፣ ጓንት አድርጉ፣ የፕላስቲክ ቀለበቶቹን በእጅ ፍቱ፤ አብዛኞቹ መፍቻም አይፈልጉም። መጀመሪያ ጥቁር ውሃ ዱብ ይላል፣ ቀጥሎ ግራጫ የሆነ የቅባት ጓል ይወጣል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉና መልሳችሁ ግጠሙ፣ ጎማዋን ግን እንዳትረሱ። ባልዲውንም እዚያው ሲንክ ላይ እንዳትደፉት፣ ከሥር ክፍት ነው! አሲድ ወይም ሶዳ ቀድሞ ከተደፋበት ግን ጭራሽ አትፍቱት፣ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወርደው።

ሻወር ሲሆን ጥፋተኛው ፀጉር ነው። ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ጎትቶ ማውጣት ነው፣ ከምሳ በፊት ግን አልመክርም።

የፈላ ውሃ የሚደፉም አሉ። ሐዋሳ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ግን ከ60 ዲግሪ በላይ አይወድም፣ ይለሰልስና መጋጠሚያው ማንጠብጠብ ይጀምራል። እጅ የሚችለው ትኩስ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ድስቱን ከማጠባችሁ በፊት ቅባቱን በወረቀት ብትጠርጉትማ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ሳይውል ሳያድር ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ ማጠብና ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ከተጠጣ ለማስታወክ አታስገድዱ፤ አፍ አጉመጥምጣችሁ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሐኪሙ ምን እንደተጠጣ ይጠይቃል፣ ሃይላንዱ ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። የሚመለከተው አካል ስም ያልተለጠፈበት አሲድ በሱቅ እንዳይሸጥ ያድርግልን፣ እናንተም ጠይቁልን።

እምቢ ብሎ የቧንቧ ሠራተኛ ከጠራችሁ ደግሞ ምን እንደደፋችሁበት ሳትደብቁ ንገሩት፤ እጁን የሚከተው እሱ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ