ለደንበኞቻችን፦ ከረጢቱ ላይ ስላለው ጥቁር ማርከር

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ወደ ባልትና ቤታችን የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል። «ይሄ በማርከር የተሰረዘው ምንድን ነው?» አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሳትጠይቁ ቀርታችኋል። የከበደኝ እሱ ነው።

የተሰረዘው፣ ሽሮና በርበሬ በምናሽግበት፣ ውስጡ ስስ ላስቲክ ባለው የወረቀት ከረጢት ላይ የነበረው «ሙሉ በሙሉ የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ ነው። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ከልጄ ጋር ሆነን፣ ማታ ማታ፣ አንድ በአንድ።

ነገሩን ያመጡት የብዙ ዓመት ደንበኛችን ናቸው። ባዶውን የሽሮ ከረጢት አበባ ማሰሮ ውስጥ ቀብረውት ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ሲያወጡት ወረቀቱ የለም። ስስ ላስቲክ ግን የከረጢቱን ቅርጽ እንደያዘ፣ አፈር ተጣብቆበት ቁጭ ብሏል። ይዘውት መጥተው ሚዛኑ አጠገብ ዘረጉት። አልተቆጡም። «ለዚህ ነው 12 ብር የጨመርሽብን?» ብቻ አሉኝ።

ልክ ናቸው። ሳላጣራ ያንን ቃል ማሳተም አልነበረብኝም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አሁን ደግሞ የእኔንም ስሙኝ።

ከረጢቱን ያመጣልን አቅራቢ «ውስጡም ይበሰብሳል» አለን። አመንኩት። ኋላ ሳጠያይቅ ነው የገባኝ። ይበሰብሳል ከሚባለው ላስቲክ አንዳንዱ ፀሐይ ሲመታው ይፈረፈራል እንጂ አይበሰብስም። ፍርፋሪው አፈር ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለውን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበያ ያገደው ለዚህ ነው። ሌላው በእርግጥ ይበሰብሳል፤ ግን 60 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ፣ ቆሻሻ አብስብሶ ማዳበሪያ የሚያደርግ ጣቢያ ይፈልጋል። አበባ ማሰሮ ያን ያህል አይሞቅም። ጨርቅ እየተባለ የሚሸጠው ባለ ማንጠልጠያ ከረጢት እንኳ አብዛኛው ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ነው። እሱም ላስቲክ ነው። በአገራችን ፌስታል የሚያመርት ሰው የሚበሰብስ መሆን አለመሆኑን እንዲጽፍበት የታዘዘው በ1999 ዓ.ም. ነው። መጻፉንማ እኔም ጽፌ ነበር። እውነት መሆኑን ያየልን ግን እኚህ እናት ናቸው።

«ታዲያ ላስቲኩን ለምን አታወጪውም?» ትሉኛላችሁ። ሞክሬዋለሁ። ባለፈው ክረምት 20 ኪሎ በርበሬ ላስቲክ በሌለው ካኪ ወረቀት አሸግን። ሦስት ሳምንት አልቆየም። ወረቀቱ ወዛ፣ በርበሬው እርጥበት ስቦ ተጓጎለ፣ ያ የኮረሪማው ሽታ ጠፋ። እርጥብ በርበሬ ሻጋታ ይይዘዋል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ እሱን ደግሞ ወጥ ላይ ብታንተከትኩት አይለቅም። ሃያውንም ኪሎ ደፋሁት። ያ በርበሬ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተሰጥቶ፣ ተደልዞ፣ ወፍጮ ቤት ተወስዶ ነበር። እሱን ከመድፋት ስስ ላስቲክ ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው።

3,000 ገደማ ከረጢት ቀርቶኛል። ቃሉ ውሸት ሆነ ብዬ ከረጢቱን ብጥለው ሌላ ቆሻሻ መጨመር ነው። ስለዚህ ማርከር አነሳሁ። «ደበቀችን» የሚል ወሬ ጆሮዬ ደርሷል። መደበቅ ብፈልግ ቆንጆ ስቲከር ለጥፌበት ማንም ሳያውቅ ያልፍ ነበር።

12 ብሩን አልቀነስኩም። የከረጢቱ ዋጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ማሸጊያ የሚቀመስ አልሆነም። የሽሮ አተሩንም ቢሆን እናንተው ታውቁታላችሁ። ጥፋቴ፣ ጭማሪውን «ለአካባቢያችን» ብዬ መለጠፌ ነው። የከረጢት ዋጋ ብዬ በግልጽ መናገር ነበረብኝ።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በ2001 ዓ.ም. በእናቴ ግቢ፣ በአንድ ብረት ምጣድ ነው። እናቴ በርበሬ የምትሸጠው በጋዜጣ ጠቅልላ ነበር። ብዙው ሰው ጣሳውን ይዞ ይመጣል። ፌስታል ሲመጣ ጣሳው ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ፣ እኛ ፌስታል መስጠት ካቆምን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። ማንም አላስገደደንም። በዚያ ሰሞን «ፌስታል የለሽም?» ብሎ ወደ ጎረቤት የሄደብኝን ደንበኛ ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው። አጭበርባሪ መባሉ ያመመኝም ለዚህ ነው።

ከሰኞ ጀምሮ ጣሳ፣ ብልቃጥ፣ ያላችሁን ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ባዶውን መዝነን፣ ሞልተን፣ 12 ብሩን እንቀንሳለን። ዕቃው ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ከሆነ አልሞላም፤ አትቀየሙኝ።

የተቀበረውን ከረጢት ያመጡልኝ ደንበኛዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጡም። ምጥን ሽሮዎን ለይቼ አስቀምጬልዎታለሁ። ጣሳዎን ይዘው ይምጡ።

አክባሪያችሁ፣
የባልትና ቤቱ ባለቤት