ወይና ደጋ ብለን ወይኑን የት አደረስነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ አገራችን የወይን ጠጅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጣና ዳር ቡናዬን ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ተክሎ በ2014 ጠርሙስ ወዳወጣው የባቱ (ዝዋይ) ካስቴል ወይን ጠጅ ፋብሪካ ደረሰና እዚያው አበቃ። ጸሐፊው ደክሞበታል፣ አልነቅፈውም። ግን ጣና የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ያጻፈኝም ይኸው ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ» እያልኩ ጠመኔ ጨርሻለሁ። አንድ ቀን ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ደጋውም ገባኝ፣ ቆላውም ገባኝ፤ ወይናው ምንድን ነው?» አለኝ። ወይን የሚስማማው ደጋ ማለት ነው አልኩት። «ታዲያ ወይኑ የታለ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ስቄ ወደ ዝናብ ሥርጭት አለፍኩ።

የሚያሳፍረኝ መልሱ የተወለድኩበት አገር መሆኑ ነው። ይፋግ ነው የተወለድኩት፤ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ሲኬድ መንገዱ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ሩዝና ሽንኩርት ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣና ምሥራቅ ያለፉ አውሮፓውያን ተጓዦች ግን የይፋግንና በአቅራቢያዋ ያለችውን የቃሮዳን ወይን ጽፈው አልፈዋል። ከዚያ በፊትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ካህናቱ ለቅዳሴ ዘቢብ ዘፍዝፈው ሲጨምቁ አይቶ ጽፏል። አፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1543 ግራኝን ድል ያደረጉበት፣ ከጣና በስተምሥራቅ ያለው ቦታስ ስሙ ማን ነው? ወይና ደጋ! ይህንን ሁሉ የታሪክ መምህሩ ጓደኛዬ በአንዱ ክፍል፣ እኔ በሌላው ክፍል ስናስተምር ኖረን አንድም ቀን አላገናኘነውም።

ልጅ ሆኜ ድቁና ተቀብዬ ነበር። ሌሊት ቤተልሔም (የቅዳሴው ኅብስትና ወይን የሚዘጋጅበት ቤት) ገብተን ዘቢቡን እናጥባለን፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ቆዳው ይወጠራል። ከዚያ ይጨመቃል፣ ይጣራል። ጣቴ ላይ የሚቀረው ጥቁር ልጣጭ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ መላስ ደግሞ አይታሰብም። ያ ዘቢብ ከጎንደር ነጋዴ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣ ነበር። በቀደም ለእናቴ ተዝካር ሄጄ ሳይ ደግሞ ከውጭ የመጣ፣ በፕላስቲክ የታሸገ ሆኗል። የይፋግ ቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ከሱቅ ይገዛል! ይህን ያየሁ ዕለት ነው ቆርጬ የተነሣሁት።

ከደብረ ዘይት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከግቢው ቆርጦ አሥራ ሁለት የወይን ቅርንጫፍ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ላከልኝ። አምስቱ ጸደቁ። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ አበቡ፤ ደስታዬ ግን ነሐሴን አልተሻገረም። ቅጠሉም ፍሬውም አመድ የነሰነሱበት መሰለ፣ ከዚያ ፍሬው እየተሰነጠቀ ረገፈ። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የአውሮፓን ወይን የፈጀው በሽታ ይኸው ነው፤ የቃሮዳንም ወይን በዚያው ክፍለ ዘመን በሽታ ነው የጎዳው። ፈረንጆቹ በድኝ ዱቄት ተገላገሉ። እኛ ትተነው ቀረን።

ድኝ እኔም ነሰነስኩ። የበለጠ የጠቀመኝ ግን የመግረዣውን ጊዜ መቀየሬ ነው። እኛ አገር ጽኑ ብርድ ስለሌለ ወይን እንደ አውሮፓው በብርድ ወራት አይተኛም፤ በገረዙት ጊዜ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ መስቀል እንዳለፈ እገርዘዋለሁ፣ ጥር መጨረሻ ላይ ይደርሳል። አበባውም ፍሬውም በጋ ላይ ስለሚውል ዝናብ አያገኘውም፤ ውኃውን እኔ በባልዲ አጠጣለሁ። አሁን ያስቸገረኝ ወፍ ብቻ ነው።

የወይን ጠጅ ለመሥራትም ሞክሬ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ባለቤቴ ጠጅ በመጣል የታወቀች ናት፤ «መጣሉን ለእኔ ተው፣ አንተ ካርታህን ሳል» ብላኝ የዘጌ ጌሾ ጨመረችበት። ወይን ጌሾ አይፈልግም ብዬ ብከራከር ማን ሰምቶኝ። ክዳኑም በደንብ አልተገጠመም ነበርና አየር ገብቶት ኮመጠጠ። ዓመቱን ሙሉ ሰላጣ በእሱ በላን።

ዘቢቡ ግን ተሳካልኝ። አራት ኪሎ ፍሬ ለቅሜ ሰፌድ ላይ አስጥቼ፣ ሰፌዱን ቆርቆሮ ጣራ ላይ አወጣሁት። ማታ ማታ አስገባለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመዘን አንድ ኪሎ አልሞላም፤ ፍሬው ባለ ዘር ስለሆነ ጥርስ ይቆረጥማል፤ ለመጭመቅ ግን ዘሩ አያስቸግርም። ለነፍስ አባቴ ወሰድኩላቸው። አንዷን ፍሬ በጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት፣ አሸተቷት፣ «የት ተገዛ?» አሉኝ።

ይህን ይዤ ወደ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ወጣቱ ባለሙያ በትሕትና «አባባ፣ ወይን እኮ ፓኬጃችን ውስጥ የለም» አለኝ። ልጁን አልቀየምኩትም። ግን ሩዝስ ቢሆን ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን አይደለም እንዴ? ከዚያ በፊት የማን ፓኬጅ ውስጥ ነበር? ዛሬ ወረታ ላይ የሩዝ ምርምር ማዕከል አለው።

ገበሬው ሩዙን ይንቀል አላልኩም። ወይን ሥሩ ውኃ ሲተኛበት ይታፈናል፤ ርብና ጉማራ ክረምት በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ጭራሽ አይሆነውም። የሚሆነው ከሜዳው በላይ ያለው፣ ውኃ የማይቋጥረው የሊቦ ከምከም ዳገት ነው። ጣና ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከባቱ ከፍ ይላል እንጂ አያንስም፤ ቦታው ወይና ደጋ ነው። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ አዴትም ሆነ ሌላ የምርምር ማዕከል እዚያ ዳገት ላይ አንድ ጥማድ መሬት ይዞ በበጋ የሚደርስ ወይን ይሞክርልን። የወይን ጠጁ ጠርሙስ ይቆይ። መጀመሪያ ዘቢቡ ይሁን፤ ገዢው እንደሆነ ከደሴቶቹ ገዳማት ጀምሮ በጣና ዙሪያ ያለ ደብር ሁሉ ነው።

እስከዚያው እኔ ዘንድሮም መስቀል ሲያልፍ እገርዛለሁ። የሚቆረጠው ቅርንጫፍ ከአምስቱ ግንድ ሁለት ሸክም ይወጣዋል፤ ባለፈው ዓመት ባለቤቴ አንድዳዋለች። ከይፋግና ከቃሮዳ የሚመጣ ሰው ካለ ግን እርጥብ ጆንያ ይዞ ይምጣ፣ እሷን እኔ አስታግሣታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር
ባሕር ዳር