መጀመሪያ በገመድ አንጠልጥይው

አለምገና፣ እሁድ ማታ

ሜሪዬ፣

አክስትሽ ትናንት መጥታ ሁሉንም ነገረችኝ። ጋይሮስኮፕ፣ ያ በፍጥነት የሚሽከረከር ከባድ ዲስክ፣ የሚነዳው የጠፈር መንኮራኩር ልትሠሪ ነው አሉ። ከጓደኞችሽም ብር እየሰበሰብሽ ነው። መሥራትሽ ደስ ይለኛል። ብሩ ግን አስደንግጦኛል። የሰው ብር አትቀበይ።

ትንሽ ሆነሽ ግራይንደሩ እየዞረ ልታጋድሚው ስትይ "አባዬ፣ እምቢ አለኝ" ያልሽኝ ትዝ ይለኛል። ልብሽን የወሰደው ያ እምቢታ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እምቢ ማለት ሌላ፣ መሄድ ሌላ። ዲስኩ እጅሽን ሲጠመዝዝ እጅሽም ዲስኩን ይጠመዝዛል። መኪና አስፋልቱን ይገፋል፤ ሮኬት ጋዙን ወደ ኋላ ይተፋል። ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሣጥኑን ገፍቶ የሄደ የለም።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ 4 ትልልቅ ጋይሮስኮፖች አሉ። የአንዱ የሚሽከረከር ብረት ወደ 98 ኪሎ ይመዝናል፤ በደቂቃ 6,600 ጊዜ ይዞራል። ጣቢያውን ፊቱን ያዞሩታል እንጂ አያስኬዱትም። ዝቅ ሲል ከፍ የሚያደርገው ሮኬት ነው።

ሞኝ ነሽ አላልኩም። በቀጥታ መስመር የሚገፋው የሊኒየር ሞተር ሊቅ፣ ፕሮፌሰር ኤሪክ ሌይትዌይት፣ በፈረንጆች 1974 ለንደን ውስጥ ከባድ ጋይሮስኮፕ እያሽከረከረ አንስቶ፣ ቀለለ ብሎ ተከራክሯል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ክብደቱ ያው ነው።

የእኔን ጄነሬተር ወሬ ታውቂያለሽ፣ ግማሹን ግን አልነገርኩሽም። ሞተሩ ጄነሬተሩን፣ ጄነሬተሩ ሞተሩን እንዲያዞር አድርጌ ሠራሁት። በእጅ አስነስቼ ስለቀው ትንሽ ይዞርና ይሞታል። እየሞተ መሆኑን አይቻለሁ፣ ሜሪዬ። አይቼም የዚያን ኮፍያውን የማያወልቅ ጎረቤታችንን የበሬ ብር ተቀበልኩ። "አንተ ካልክ" ብሎ ሳይቆጥር ሰጠኝ። ሳልመልስለት ሞተ። ለቅሶው ላይ ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹን ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የሰው ብር አትቀበይ። የተቀበልሽውን ነገ መልሺ።

ከዚያ ማሽኑን ከነባትሪው በረጅም ገመድ አንጠልጥይው። እውነት የሚገፋ ከሆነ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ እዚያው ይቀራል። በመሃሉ ላይ ወዲያ ወዲህ ብቻ ከተወዛወዘ አይገፋም። ወለል ላይ ቢሄድልሽ እንዳትታለዪ፤ ቀስ ሲል ወለሉ ይይዘዋል፣ ሲወረወር ይንሸራተታል። የሚያስኬደው ወለሉ ነው።

የትምህርት ፈተናሽንም እንዳትዘልዪ። ቅዳሜ ነይና ጋራዡ ጣሪያ ላይ አብረን እንሰቅለዋለን፤ ገመድ አለኝ። በርበሬ በአክስትሽ ልኬያለሁ፣ ጣሳውን ይዘሽ ነይ።

አባትሽ